የቢዮ ገበሬው ከመንግሥት ስንት ይቀበላል? በጀርመን የድጎማ ዝርዝሩን ራሳችሁ የምትፈትሹበት መንገድ

ቅዳሜ ቅዳሜ ፍራንክፈርት ገበያ እንቁላል የምገዛው ከአንድ ገበሬ ነው። ከባንኮኒው በላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ "ቢዮ" ይላል፣ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ-ተባይ ሳይጠቀሙ የሚመረት (ኦርጋኒክ) ማለት ነው። ዋጋው ከሱፐርማርኬቱ ተራ እንቁላል እጥፍ ገደማ ነው። አንድ ቀን አብሮኝ የመጣ ጓደኛዬ ሂሳቡን ሰምቶ ደነገጠ። "መንግሥት ይደጉማቸው የለ እንዴ? ታዲያ ምን ሆነው ነው ይሄን ያህል የሚያስከፍሉት?" አለኝ፣ በአማርኛ፣ ሰውዬው ፊት። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

መልሱን ለማግኘት አንድ ምሽት አልበቃኝም። መረጃው ተደብቆ አይደለም፤ በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው። ያስቸገረኝ ዝርዝሩ ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ ገንዘቡን ይነግራችኋል፤ ማን ቢዮ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ሌላው ቢዮ የሆነውን ይነግራችኋል፤ ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አይልም። ሁለቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጣችሁ የምታውቁት ነገር የለም።

ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን ማጋጠም ነው። ምሳሌዬ ጀርመን ነው። ዋናው ደንብ የአውሮፓ ኅብረት ስለሆነ ግን ስዊድንም ጣልያንም ያላችሁ የአገራችሁን ድረ-ገጽ ፈልጋችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚወጣ እወቁ

ይህን ዘልላችሁ ወደ ፍለጋው ብትሄዱ የምታገኙት ቁጥር ግራ ያጋባችኋል። እኔን አጋብቶኛል።

የአውሮፓ ኅብረት የጋራ የግብርና ፖሊሲ ለ2021 እስከ 2027 ወደ 387 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቦለታል። ከኅብረቱ በጀት ሲሶ ያህል ማለት ነው። ገንዘቡ በሁለት ቋት ይቀመጣል። ከመጀመሪያው ቋት የሚወጣው ሙሉ በሙሉ የኅብረቱ ነው፤ በአብዛኛው በሄክታር ይከፈላል፤ ገበሬው ቢዮ ሆነ አልሆነ ይደርሰዋል። ሁለተኛው ቋት የገጠር ልማት ነው። እዚህ ኅብረቱና አገሮቹ አብረው ይከፍላሉ። የቢዮ ገበሬ "ቢዮ በመሆኔ" ብሎ የሚቀበለው ገንዘብ በጀርመን የሚመጣው ከዚህ ነው።

በጀርመን ይህን ክፍያ የሚያስተዳድሩት ክፍላተ አገራቱ ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ፕሮግራምና የራሱ ተመን አለው። እኔ ያለሁበት ሄሰን ፕሮግራሙን "ሃልም" ይለዋል። ገበሬው ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ይፈርማል። መሃል ላይ ሰልችቶኛል ብሎ ቢያቋርጥ የወሰደውን ሊያስመልሱት ይችላሉ።

የሽግግሩ ዘመን ደግሞ አለ። እህልና አትክልት የሚዘራ ሰው ቢዮ የሚባለውን ሰብል ከመዝራቱ በፊት መሬቱን ሁለት ዓመት በቢዮ መንገድ መያዝ አለበት፤ ወይንና ፖም የመሰለ ቋሚ ተክል ያለው ደግሞ ከመልቀሙ በፊት ሦስት ዓመት። በነዚህ ዓመታት ኬሚካል አይረጭም፣ ምርቱም ይቀንሳል፣ ግን "ቢዮ" ብሎ በቢዮ ዋጋ መሸጥ አይችልም። በብዙ ክፍላተ አገር ድጎማው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለት ጎረቤታሞች እኩል መሬት ይዘው የተለያየ ክፍያ ብታዩ አንዱ አዲስ ገቢ ሊሆን ይችላል።

የኅብረቱ የሒሳብ መርማሪዎች በ2024 ባወጡት ሪፖርት ከ2014 እስከ 2022 ለቢዮ እርሻ 12 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ እንደተከፈለ ጽፈዋል። እዚያው ሪፖርት ላይ አንድ ነገር አስገርሞኛል። ገበሬው ድጎማውን ለማግኘት አንድም ምርት "ቢዮ" ብሎ መሸጥ አይጠበቅበትም። የሚከፈለው መሬቱን በቢዮ መንገድ በመያዙ ነው። እንግዲህ የጓደኛዬ ጥያቄ ግማሹ እዚህ ላይ ተመለሰ። ድጎማው ለመሬቱ እንጂ ለእንቁላሉ አይደለም።

2. ለምን ክፍት ሆነ? በአጭሩ

ድሮ ሚስጥር ነበር። ዴንማርክ በ2004 በጋዜጠኞች ግፊት ዝርዝሯን ከፈተች። በ2005 ጋዜጠኞችና የመረጃ ነፃነት ተሟጋቾች "ፋርምሰብሲዲ" የሚባለውን ድረ-ገጽ አቋቁመው የየአገሩን መረጃ አንድ ቦታ መሰብሰብ ጀመሩ። ኋላ ኅብረቱ ራሱ አገሮች ሁሉ በየዓመቱ እንዲያወጡ አስገደደ።

ከዚያ ነገሩ የተቀለበሰው እዚሁ እኔ ሰፈር ነው። ሄሰን ውስጥ አንድ የሽርክና እርሻና አንድ ገበሬ "ስሜና ገቢዬ ኢንተርኔት ላይ ለምን ይሰቀላል?" ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ ከቪስባደን ፍርድ ቤት ሉክሰምበርግ ደረሰ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 9 ቀን 2010 ፈረደላቸው። ድርጅቶች ይቀመጡ፣ የግለሰቦችን ስም ግን ያለ ምንም ልዩነት፣ ትንሽ የወሰደውንም ብዙ የወሰደውንም አንድ ላይ መስቀል ከልክ ያለፈ ነው አለ። የግለሰቦች ስም ወረደ።

በ2013 ሕጉ ተስተካክሎ ስሞቹ ተመለሱ፤ በዓመት ከ1,250 ዩሮ ያልበለጠ የወሰደ ሰው ግን ስሙ አይወጣም ተባለ። በ2015 ዝርዝሩ እንደገና ተከፈተ፤ ዛሬም የሚሠራው በዚያው ወሰን ነው። ታሪኩን ያነሳሁት ቁጥሩን እንድትይዙት ነው። 1,250 ዩሮ።

3. የእርሻውን ትክክለኛ ስም ያዙ

ፍለጋው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ገበያ ላይ የምታውቁት ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም ነው። ዝርዝሩ ላይ የሚወጣው ግን ማመልከቻውን የፈረመው ሰው ወይም ድርጅት ነው።

እንቁላል ከሆነ ቅርፊቱን ተመልከቱ። ማኅተሙ በቁጥር ይጀምራል። 0 ከሆነ ቢዮ ነው፤ 1 ውጭ የምትለቀቅ፣ 2 በረት ውስጥ የምትሄድ፣ 3 በሣጥን ውስጥ የምትያዝ ዶሮ። ቀጥሎ የአገሩ ምልክት፣ ለጀርመን ዲ እና ኢ፣ ይመጣል። ከዚያ ሁለቱ አሃዞች ክፍለ አገሩ ናቸው። 06 ሄሰን ነው፣ 09 ባየርን ነው። የኔ ገበሬ እንቁላል ላይ 0፣ ከዚያ 06 ነበር። ቢያንስ ሰውዬው ከሩቅ አምጥቶ እንደማይሸጥልኝ በዚህ አረጋገጥኩ።

የታሸገ ነገር ከሆነ አረንጓዴውን ቅጠል ፈልጉ፤ በ12 ኮከብ የተሠራውን። አጠገቡ የተቆጣጣሪው ኮድ አለ፦ ዲኢ፣ ሰረዝ፣ ኧኮ፣ ሰረዝ፣ ሦስት አሃዝ። ይህ ኮድ የገበሬው አይደለም፤ እርሻውን የሚመረምረው ድርጅት መለያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያምታታል። በመደዳ የሚሸጥ ድንችና ካሮት ላይ ይህ ሁሉ ስለሌለ ሻጩን ሰርተፊኬቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አይቀየምም። ብዙዎቹ እንዲያውም ላሚኔት አድርገው ሰቅለውታል። ከዚያ ላይ ስም፣ ከተማና የፖስታ ቁጥር ጻፉ።

4. የገንዘቡን ዝርዝር ክፈቱ

የጀርመኑ ድረ-ገጽ "አግራር-ፊሸራይ-ጻሉንገን" ይባላል፤ የእርሻና የዓሣ ክፍያዎች ማለት ነው። የአገሪቱ የግብርናና የምግብ ባለሥልጣን ነው የሚያስተዳድረው። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም፣ ለምን ፈለግክ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ስሙን ሙሉውን ከመጻፍ ይልቅ ከፊሉን ጻፉ። ገበሬዎች በሽርክና ሲመዘገቡ ስማቸው ይረዝማል፤ አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት አብረው ይገባሉ። እንደ ሙለር ዓይነት ሁለት ነጥብ ያለበት ፊደል ካለ ከነነጥቡም፣ ነጥቡን ትታችሁ ከፊደሉ ቀጥሎ ኢ (e) በመጨመርም ሞክሩ። በስም አልሆን ካለ በፖስታ ቁጥር ወይም በቀበሌው ስም ፈልጉና የሚመጣውን ሁሉ አንብቡ። መንደሩ ትንሽ ከሆነ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ማለትም ስሙ የተሰወረ ሰው በቦታው ሊታወቅ የሚችል ከሆነ፣ በመንደሩ ፋንታ ከፍ ያለው የአስተዳደር ክልል ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ፍለጋውን ሰፋ ማድረግ አትርሱ።

ያገኛችሁትን ወዲያው ስክሪንሾት አንሡ። መረጃው የሚቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ይወርዳል። የቆዩ ዓመታት ከፈለጋችሁ ፋርምሰብሲዲ ላይ ብዙውን ታገኛላችሁ።

5. መስመሮቹን አንብቡ፤ "ኧኮ" የሚለውን ቃል ግን አትመኑ

አንድ ተቀባይ ስም ሥር ብዙ መስመር ይወጣል። በተለምዶ የመጀመሪያው መሠረታዊ የገቢ ድጋፍ ነው፤ በሄክታር የሚከፈለው። ቀጥሎ ለመጀመሪያዎቹ 60 ሄክታር የሚጨመር ክፍያ አለ፤ ትናንሾቹን ለመደገፍ ነው፣ ትልልቆቹም ግን ለመጀመሪያ 60 ሄክታራቸው ያገኙታል። ወጣት ገበሬ ከሆነ ሌላ መስመር። እስከዚህ ድረስ ቢዮ ከመሆን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ከዚያ ወጥመዱ ይመጣል። ጀርመኖች "ኧኮ-ሬጌሉንገን" የሚሉት ክፍያ አለ። "ኧኮ" በጀርመንኛ ቢዮ እርሻም ማለት ነው፣ ሥነ ምህዳርም ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳየው "አገኘሁት!" ብዬ ቡና አፈላሁ። አልነበረም። ይህ ክፍያ አበባ ለሚያበቅል መስክ፣ መሬት ለሚያሳርፍ፣ ሰብል ለሚያፈራርቅ የሚሰጥ ነው፤ ኬሚካል የሚረጭ ገበሬም ይወስደዋል። ከመጀመሪያው ቋት ነው የሚወጣው።

የቢዮው ገንዘብ ያለው "የአካባቢ፣ የአየር ንብረትና ሌሎች የአያያዝ ግዴታዎች" በሚለው ረጅም ስም ሥር ነው። ችግሩ እዚያው ሥር ሌሎችም አሉ። የወፍ መራቢያ ሜዳ የሚጠብቅ፣ ዳገት ላይ ያለ ወይን የሚንከባከብ፣ ሁሉም። በቀድሞው ዘመን፣ ከ2014 ጀምሮ በነበረው ፕሮግራም፣ ቢዮ እርሻ ራሱን የቻለ መስመር ነበረው፤ አንድ ዓይን ጣል አድርጎ ማወቅ ይቻል ነበር። አዲሱ ሥርዓት ከ2023 ጀምሮ ጠቅልሎ ከሌሎቹ ጋር አስገባው። በኔ አስተያየት ይህ ለግልጽነት ወደኋላ መመለስ ነው። ስሙ ወጣ፣ ቁጥሩ ወጣ፣ ለምን እንደተከፈለ ግን ደበዘዘ። ሁለተኛውን ዝርዝር የግድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ቋት የምታዩት ድምር የኅብረቱንም የአገሩንም ድርሻ አንድ ላይ የያዘ ነው። ክፍለ አገሩ ከራሱ ኪስ ብቻ የሚከፍለው ነገር ካለ ግን በዚህ ዝርዝር አይወጣም።

6. ዓመቱን አታምታቱ

የክፍያው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 16 ሲሆን የሚያልቀው በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር 15 ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ እስከ ሜይ 31 ይወጣል። በምሳሌ ሲታይ ይቀላል። ገበሬው በሜይ 2024 ያመለክታል። የሄክታር ክፍያው በዲሴምበር 2024 መጨረሻ አካውንቱ ይገባል። ይህ የ2025 በጀት ዓመት ነው። ለእናንተ የሚታየው እስከ ሜይ 31 ቀን 2026 ድረስ በሚወጣው ዝርዝር ነው። ከማመልከቻው እስከ ዝርዝሩ ሁለት ዓመት ገደማ። ባለፈው ዓመት ቢዮ የሆነ ገበሬ ዝርዝሩ ላይ ስታጡት "አጭበርብሯል" አትበሉ። ገና ነው።

7. ሁለተኛውን ዝርዝር ክፈቱ

የኅብረቱ የቢዮ ደንብ፣ ቁጥር 2018/848፣ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። እያንዳንዱ አገር ቢዮ የሆኑትን ሁሉ ከነሰርተፊኬታቸው ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ሰርተፊኬቶቹ የሚወጡት "ትሬሲስ" በሚባለው የኅብረቱ ሥርዓት ውስጥ ነው፤ ማንም ገብቶ መፈለግ ይችላል። ጀርመን ውስጥ "ቢዮሲ" የሚባል መፈለጊያም አለ፤ ለአጠቃቀም ይቀላል።

ሰርተፊኬቱ ላይ ሦስት ነገር እዩ። የሚያበቃበት ቀን፣ የተቆጣጣሪው ኮድ፣ እና ምርቶቹ በየትኛው ክፍል እንደተመዘገቡ፤ ቢዮ፣ በሽግግር ላይ ወይስ ቢዮ ያልሆነ። ሦስተኛው ላይ ቆም በሉ። አንድ እርሻ ተለያይቶ ከተያዘ ከፊሉ ቢዮ ከፊሉ ተራ ሊሆን ይችላል። እንቁላሉ ቢዮ ስለሆነ ስንዴውም ቢዮ ነው ማለት አይደለም።

8. አጋጥሙ፤ ግን በስም ብቻ አይደለም

ኤክሴል ክፈቱ ወይም ወረቀት አንሡ። በግራ ከገንዘቡ ዝርዝር ስም፣ የፖስታ ቁጥር፣ የአካባቢ ግዴታው መስመርና ድምሩ። በቀኝ ከሰርተፊኬቱ ስም፣ የፖስታ ቁጥር፣ ምርት፣ ቀን። ስምም የፖስታ ቁጥርም ከገጠሙ ብቻ ምልክት አድርጉ።

ይህን የምላችሁ ስለተሳሳትኩ ነው። በአንድ መንደር አንድ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሁለት ገበሬዎች አግኝቼ የአንዱን ገንዘብ ለሌላው ሰጠሁት። ለሁለት ቀን ያህል "እንዴ፣ ሰውዬው ይሄን ሁሉ እየወሰደ!" እያልኩ በሆዴ ሳማው ከረምኩ። የወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ነው መሰለኝ፣ የቢዮ ሰርተፊኬትም የለው። ደግነቱ ለማንም አልተናገርኩም። እናንተም ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ሦስቴ አስቡ፤ የሰው ስም ነው።

ቁጥሩም ቢሆን ዝርዝሩ ሄክታር አይናገርም። 40,000 ዩሮ ብዙ ይመስላል። ሰውዬው 20 ሄክታር ካለው ብዙ ነው፤ 150 ሄክታር ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደግሞ ገቢ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም። ድርጅት ከሆነ ሌላም አለ። አዲሱ ሕግ ተቀባዩ የትልቅ ኩባንያ ቅርንጫፍ ሲሆን የእናት ኩባንያው ስም አብሮ እንዲወጣ ያዛል። መሬት እየገዙ በተለያየ ስም የሚያመለክቱትን ለመከታተል ጥሩ መነሻ ነው።

9. ዝርዝሩ የማይመልሰውን በደብዳቤ ጠይቁ

ስንት ሄክታር ተከፈለበት? ስንት ገበሬ ደንብ ጥሶ ተቀጣ? ይህ ድረ-ገጹ ላይ የለም። ግን መጠየቅ መብት ነው፣ የጀርመን ዜጋ መሆንም አይጠበቅባችሁም። የፌዴራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ ከ2006 ጀምሮ አለ፤ ቀላል መልስ በነፃ ነው፣ ከባድ ከሆነም ክፍያው ከ500 ዩሮ አይበልጥም። የቢዮ ክፍያን የሚያስተዳድሩት ግን ክፍላተ አገራቱ ስለሆኑ የሚሠራው የነሱ ሕግ ነው፤ ባየርን እንዲህ ያለ ሕግ ጨርሶ የላትም። ስለዚህ እኔ የተፈጥሮ አካባቢ መረጃ ሕጉን ጠቅሶ መጠየቅ ያዋጣል ባይ ነኝ። እሱ ከኅብረቱ መመሪያ የመጣ ስለሆነ በየክፍለ አገሩ አለ፤ መልሱም በአንድ ወር፣ ጉዳዩ ከተወሳሰበ በሁለት ወር መምጣት አለበት።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የትኛው ዓመት፣ የትኛው ወረዳ፣ የትኛው ፕሮግራም። የግለሰብ ገበሬ ፋይል አትጠይቁ፤ አይሰጧችሁም፣ ጊዜም ታባክናላችሁ። ድምር ጠይቁ፦ በወረዳው ለቢዮ እርሻ የተከፈለ ጠቅላላ ገንዘብ፣ ጠቅላላ ሄክታር፣ የተቀባዮች ብዛት፣ ክፍያ የተቀነሰባቸው ብዛት። "ፍራግ ዴን ሽታት" በሚባለው ድረ-ገጽ በኩል ከላካችሁት ጥያቄውም መልሱም ለሌላው ይታያል፤ ምናልባትም የናንተን ጥያቄ ሌላ ሰው ቀድሞ ጠይቆት ይሆናል፣ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ስለ ቡናችን አንዲት ነገር

ሱፐርማርኬት ውስጥ የኢትዮጵያ ቡና ላይ ያንኑ አረንጓዴ ቅጠል ስታዩ ድጎማ አለው ብላችሁ እንዳታስቡ። ከቅጠሉ ሥር "ከኅብረቱ ውጭ ግብርና" የሚል ጽሑፍ በጀርመንኛ ታገኛላችሁ። የሄክታሩ ገንዘብ ለኅብረቱ መሬት ነው። የሲዳማ ወይም የጅማ ገበሬ መስፈርቱን ያሟላል፣ ለምርመራውም በማኅበሩ በኩል ይከፍላል፣ ድጎማው ግን አይመለከተውም። አዲሱ ደንብ ደግሞ በአንድ ሰርተፊኬት የሚታቀፍ ቡድን ከ2,000 አባላት እንዳይበልጥና ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው ስለሚያዝ ትልልቆቹ ማኅበራት ላይ ሥራ አብዝቷል። ከዝርዝሩ ፍለጋ ጋር አይገናኝም፤ ግን ዋጋ ስናወዳድር አስታወሰኝ።

10. በመጨረሻ ሰውዬውን ጠይቁት

ሁሉን አድርጌ የእንቁላል ገበሬዬን ስም ዝርዝሩ ላይ አላገኘሁትም። ቢዮ ሰርተፊኬቱ ግን እጄ ላይ ነው፣ ቀኑም አላለፈም። ከ1,250 በታች ነው እንዳልል ዶሮዎቹ ብቻ ስንት ሄክታር ይይዛሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ አፍሬም ቢሆን ጠየቅኩት። ሳቀ። "በኔ ስም ፈልገህ ነዋ" አለኝ። መሬቱ ሚስቱ ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ ማመልከቻውን የምትፈርመው እሷ ናት፣ በልጅነት ስሟ። በካልኩሌተሩ ጀርባ ላይ ጻፈልኝና እንቁላሌን ጠቀለለ። ማታ ፈለግኩት። ሦስት መስመር ነበረው፤ ሦስተኛው ያ ረጅም ስም ያለው።

ገበያ ላይ የምታውቁትን ሰው ስታጡት እንግዲህ ሰርተፊኬቱን እንደገና አንብቡ። እኔ ያኔ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ስም ብቻ ነበር። የሷ ስም ሁለተኛው መስመር ላይ ተጽፏል።